ለትርኢት የሚጠሩ፣ ለምክር የማይጠሩ፦ ስለ ከተማ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት የተሰጠ ምላሽ

የጎጃም ከተሞች፣ ባሕር ዳርም ትሁን ደብረ ማርቆስ፣ ከአስተዳደሩ መዋቅር ራሱን የቻለ፣ ከባለሙያዎችና ከነዋሪዎች የተውጣጣ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ቢያቋቁሙ ይበጃቸዋል ከሚሉት ሰዎች አንዱ ነኝ። ሰሞኑን ይህን ሐሳብ አጥብቆ የሚቃወም ጽሑፍ አነበብሁ። የጽሑፉ ባለቤት አምስት ነገር ይላሉ፦ ባህል የሕዝብ ስለሆነ ያለ ማንም ድጎማ ይኖራል፤ የባህልና ቱሪዝም መምሪያ እያለ ሌላ ተቋም መፍጠር ድግግሞሽ ነው፤ ሕዝቡ ገና ውሃና መንገድ እየጠየቀ ለዘፈንና ለሥዕል ገንዘብ መመደብ ቅንጦት ነው፤ እንዲህ ያለ ምክር ቤት ውሎ አድሮ የካድሬ መሣሪያ መሆኑ አይቀርም፤ “አካታችነት” የሚባለውም ከውጭ የመጣ ቃል በመሆኑ፣ ጥበብ በችሎታ መመዘኗ ቀርቶ በኮታ እንድትታደል ያደርጋል። ጽሑፉ ስድብ የሌለበት፣ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነውና በዚያው ልክ መልስ ይገባዋል። ከአምስቱ አንዱ እኔንም ሲያሳስበኝ የኖረ ስለሆነ እርሱን ዘለግ አድርጌ እመለስበታለሁ፤ አንዱን ደግሞ በአጭሩ አልፈዋለሁ።

በመጀመሪያ ግን የምንከራከርበት ነገር ምን እንደሆነ እንስማማ። የጽሑፉ ባለቤት ምክር ቤቱን አንዴ እንደ አዲስ ቢሮ፣ አንዴ እንደ ባህል ቡድን አድርገው ይገልጹታል፤ ሁለቱም አይደለም። የከተማ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ማለት ከከተማው በጀት፣ ከነጋዴው መዋጮና ከሌላም ምንጭ የሚገኘውን ገንዘብ በአንድ ቋት ይዞ፣ የድጋፍ ጥያቄ ያቀረቡ የጥበብ ሰዎችንና ማኅበራትን ሥራ በዚያው ሙያ በሚታወቁ ሰዎች አስመዝኖ፣ ለማን ምን ያህል እንደ ሰጠ፣ ማንንስ ለምን እንደ ከለከለ በይፋ የሚያሳውቅ ጉባኤ ነው። ራሱ አይዘፍንም፤ ራሱ አዳራሽ አይሠራም። በሰሜን አሜሪካ ከቀደምቶቹ መካከል የካናዳዋ ቫንኩቨር በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1946፣ የአሜሪካዋ ዊንስተን ሳሌም ደግሞ በ1949 እንዲህ ያለ ምክር ቤት ሲያቋቁሙ፣ አንዳቸውም የአገራቸው ዋና ከተማ አልነበሩም። ነገሩ የዋና ከተማ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ካለ ይህን ልብ ይበልልኝ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልመለስ። የጽሑፉ ባለቤት “ባህል ሕዝብ እስካለ ይኖራል” ካሉ በኋላ የጎጃምን የቅኔ ጉባኤዎች በምስክርነት ይጠራሉ። ለዋሸራና ለጎንጅ ማን በጀት መደበላቸው ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን እርሳቸው በጠበቁት በኩል አይመጣም። የቅኔ ቤት ያለ ደጋፊ የኖረበት ዘመን የለም። መምህሩ ከደብሩ መሬት በሚያገኙት ይኖሩ ነበር። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ በየደጁ “በእንተ ስማ ለማርያም” ሲል የመንደሩ እናት ከሌማቷ ቁራሽ ታወጣለት ነበር። ያ ቁራሽ በጀት ነው፤ በመዝገብ አልሰፈረም እንጂ አንድ ሰው ለዓመታት ቁጭ ብሎ ቅኔ እንዲቆጥር ያስቻለው እርሱ ነው። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የደብሩ መሬት ሄደ፤ የቁራሹም ነገር ኑሮው በከበደ ቁጥር እየሳሳ መጣ። አዝማሪውም እንደዚሁ ነው። በየመኳንንቱ ግብር ላይ እየዘፈነ ይሸለም የነበረው ሰው መኳንንቱ ሲሄዱ ወደ ጠላ ቤትና ወደ ሠርግ ዞረ፤ ዛሬ ደግሞ ሠርጉን ኦርጋን ወስዶበታል። ደጋፊው ሄዶ ተተኪ ሳይገኝ የቀረውን ነገር “ራሱን ችሎ የሚኖር” ማለት የተራበን ሰው ጿሚ ብሎ እንደ ማመስገን ነው።

በዚያው በጎጃም ጠንክሮ የቆመ ባህል ከተፈለገ ወደ እንጅባራ መሄድ ይበቃል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር፣ የፈረሱን ጌጥና የጋላቢውን ስልት ያየ ሰው ይህ ሁሉ በዘፈቀደ የመጣ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የፈረሰኞቹ ማኅበር አለ። አባል አለው፤ የተመረጡ መሪዎች አሉት፤ ሲያዝኑ የሚረዳዱበት፣ ሲጣሉ የሚታረቁበት ሥርዓት አለው። ፈረሱ በየዓመቱ ሜዳ የሚወጣው ሜዳው ላይ ከመታየቱ በፊት የሚመክሩ ሰዎች ስላሉ ነው። የጽሑፉ ባለቤት ይህን በዓል “ያለ ተቋም የኖረ” ብለው በምሳሌነት ማንሣታቸው አስገርሞኛል፤ ምሳሌው የእኔ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የድግግሞሽ ነው። መምሪያው እያለ ምክር ቤት ለምን? ለዚህ ከዕድር የተሻለ መልስ አላውቅም። ቀበሌ እያለ ዕድር ለምን አስፈለገ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም። ቀበሌው መታወቂያ ይሰጣል፤ ድንኳኑን የሚተክለው፣ ለቀስተኛውን የሚያስተናግደው፣ ገንዘብ ያዡን በጉባኤ ፊት አቁሞ ሒሳብ የሚጠይቀው ዕድሩ ነው። መምሪያው ቅርስ መመዝገብ፣ ፈቃድ መስጠት፣ የቱሪስት መስሕብ ማስተዋወቅና የበላይ ዕቅድ ማስፈጸም አለበት፤ ሠራተኞቹም በዚያው የሚገመገሙ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። አንድ ወጣት ሠዓሊ ለዐውደ ርእይ የሸራና የቀለም መግዣ ቢያስፈልገው፣ ወይም በአንድ ሰፈር ያሉ እናቶች የስፌት ሥራቸውን ለልጃገረዶች የሚያስተምሩበት ቤት ለመከራየት ቢፈልጉ፣ የትኛው ሥራ ይደገፍ የሚለውን ለመመዘን የሥዕልና የስፌት ዐዋቂ ያስፈልጋል። ይህን ከአንድ የዕቅድ ባለሙያ መጠበቅ በደል ነው፤ በባለሙያውም በሠዓሊውም ላይ። ባሕር ዳር ውስጥ የሙሉዓለም የባህል ማዕከልን የመሰለ ቤት መኖሩም ጥያቄውን አይዘጋውም። ማዕከሉ የራሱን ቴአትርና የራሱን የውዝዋዜ ቡድን ይዞ ይሠራል፤ ከግቢው ውጭ ያለው ብዙ ሰው ግን ማንን ይጠይቅ?

ሦስተኛውን በአጭሩ አልፈዋለሁ ያልሁት ክርክሩ ቀላል ስለሆነ ሳይሆን ከሁለት ነገር በላይ ስለማይፈልግ ነው። የመጀመሪያው፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ቅርስን የመንከባከብና ለሥነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት፣ በአንቀጽ 91 ደግሞ አቅም በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን የመደገፍ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። “አቅም በፈቀደ መጠን” ማለት ከውሃውና ከመንገዱ ቀንሶ ማለት አይደለም፤ ምንም ማለትም ግን አይደለም። ሁለተኛው፣ ሕዝብ በጭንቀት ላይ ባለበት ጊዜ ጥበብ ትቆይ የሚለው አመለካከት በታሪክ አይጸናም። ኋላ የብሪታንያ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት የሆነው ጉባኤ የተቋቋመው በ1940 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር፣ የሂትለር ጦር አውሮፓን እያጥለቀለቀ በነበረበት ዓመት ነው። ሙዚቀኞችን ወደ ፋብሪካና ወደ መጠለያ ይልክ ነበር። ያን ጊዜ ለንደን ውስጥ ቅቤውም ስኳሩም በራሽን ነበር፤ ሆኖም ዘፈኑን ቅንጦት ነው ብለው አላቆዩትም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ወደ አራተኛው ነጥብ ደረስሁ። የጽሑፉ ባለቤት “ይህን ፊልም ከዚህ በፊት አይተነዋል” ሲሉ የደርግን ዘመን ኪነት ማለታቸው ነው፤ ልክ ናቸውም። ያን ጊዜ ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድን ተቋቁሞ፣ ከበሮውም ክራሩም ለአብዮቱ እንዲመታ ተደርጓል። እኔ ግን ከዚያ ታሪክ ሌላም ነገር አነባለሁ። የጎጃሙ ግሽ ዓባይ የኪነት ቡድን የዘመኑን መፈክር ዘምሯል፤ የዚያኑ ያህል የገጠሩን ዜማና እስክስታ ወደ መድረክ አውጥቶ፣ በሠርግ ቤት ብቻ ይቀር የነበረውን ድምፅ አገር እንዲሰማው አድርጓል። መደበኛ ልምምድ፣ ደመወዝና መሣሪያ ያገኘ ተሰጥኦ ምን ያህል እንደሚሄድ ያሳየን ያ ቡድን ነው። የተበላሸው ድጋፍ መሰጠቱ ሳይሆን፣ ምን ይዘፈን የሚለውን የሚወስነው ሰው ገንዘቡን የያዘው ራሱ መሆኑ ነው። ስለዚህ የእርሳቸው ስጋት ምክር ቤት አይኑር ወደሚል መደምደሚያ አያደርስም፤ የሚያደርሰው ገንዘብ ሰጪውና ወሳኙ ይለያዩ ወደሚል ነው፤ ምክር ቤት የሚባለው አሠራር ደግሞ የተፈለሰፈው ለዚሁ ነው። መንግሥት ገንዘቡን ይሰጣል፤ ለማን እንደሚሰጥ ግን አይወስንም።

ይህም ቢሆን በራሱ ዋስትና እንደማይሆን እቀበላለሁ። ካድሬ በሌለበትም አገር ነገሩ ሲጣመም ታይቷል። የብሪታንያውን ምክር ቤት በማቋቋም ትልቁን ድርሻ የያዙት የኢኮኖሚ ሊቁ ጆን ሜይናርድ ኬይንስ፣ ገንዘብ ሰጪውን ጉባኤ በሰብሳቢነት ይመሩ በነበረበት ጊዜ፣ ከተቀባዮቹ ዋነኛው የሆነውን የኮቨንት ጋርደን ኦፔራ ቤት ባለአደራዎችንም ይመሩ ነበር። ሰውየው ሌባ አልነበሩም፤ ኦፔራ ይወዱ ነበር። ግን የሚወዱትን ነገር በሕዝብ ገንዘብ የሚደግፉበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ምክር ቤቱም ገንዘቡን ለለንደን ያደላል፣ ክፍለ ሀገሩን ይረሳል የሚል ወቀሳ ለብዙ ዓመታት አልተለየውም። እኛም ዘንድ አንድ የተከበረ የመሰንቆ መምህር ለተማሪዎቹ፣ አንዲት ታዋቂ ተዋናይት ለጓደኞቿ ልታዳላ እንደምትችል ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

“ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ” ይባላልና ልጓሙ ከመቋቋሚያው ሰነድ ላይ ይግባ። አባሉ ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ አይቀመጥ። የዘመዱ፣ የማኅበሩ ወይም የተማሪው ጥያቄ ሲቀርብ ከስብሰባው ይውጣ፤ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። የፓርቲ ሹመት ያለው ሰው አባል አይሁን። የተደገፉትም የተከለከሉትም ዝርዝር ከነገንዘቡ መጠን በየሩብ ዓመቱ በአደባባይ ይለጠፍ። ምክር ቤቱ በከተማው ደንብ ይቋቋም ወይስ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት እንደ ማኅበር ይመዝገብ የሚለው ክርክር ገና ይቀጥላል። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ፤ በከተማ ደንብ የቆመ በከተማ ደንብ ይፈርሳልና። እነዚህ ሁሉ ተጽፈው ሳለ አንድ ባለሥልጣን ቢጥሳቸው፣ ቢያንስ ምን እንደ ተጣሰ እናውቃለን። ዛሬ ግን የትኛው ቡድን ለየትኛው በዓል ለምን እንደ ተጠራ፣ ምን እንደ ተከፈለው የሚጠይቅ ሰው የሚያገላብጠው ወረቀት እንኳ የለውም።

አምስተኛው ነጥብ አካታችነትን የሚመለከት ነው፤ እዚህ ላይ ከጽሑፉ ባለቤት ጋር በጣም እለያያለሁ። ቃሉ አዲስ መሆኑ እውነት ነው። ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለሙያ በሥራው መስደብን የከለከሉት ማንም የውጭ ድርጅት አሠልጥኗቸው አልነበረም። በዚሁ በጎጃም ምድር፣ በጽላሎ፣ በልጅነታቸው ዐይናቸው የጠፋው እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ ሴት የቅኔ መምህር ብርቅ በሆነችበት ዘመን ጉባኤ ዘርግተው ወንዶቹን ደቀ መዛሙርት አስተምረዋል። እማሆይ ገላነሽን ያቆማቸው ኮታ አልነበረም፤ ችሎታቸው ነው። ይህን የጽሑፉ ባለቤትም ይሉኛል፤ እስማማለሁ። ነገር ግን አባታቸው በር ባይከፍቱላቸው ኖሮ ያ ችሎታ በየት በኩል ይታይ ነበር? ስንት ገላነሽ በየቤቱ ሙዳይ ስትሰፋ፣ ቅኔው በሆዷ እንደ ቀረ ማን ቆጠረ? አካታችነት ስንል የምንጠይቀው ያን በር ነው፤ ምዘናው ከበሩ በኋላ ይመጣል።

አንድ ነገር ልንገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባሕር ዳር ላይ በተዘጋጀ አንድ ባዛር፣ አዘጋጆቹ በጣና ዳር ታንኳ በመሥራት ከሚታወቀው ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አንድ አባት አምጥተው ታንኳ እንዲሠሩ አስፋልቱ ዳር አስቀምጠዋቸው ነበር። ታንኳው የሚሠራበትን ደንገል እርሳቸው ናቸው በጋሪ ጭነው ያመጡት። ዘንጉን በዘንግ ላይ ደራርበው፣ ነዶውን በጉልበታቸው ተጭነው፣ ገመዱን አንዴ በእጃቸው አንዴ በጥርሳቸው እየሳቡ ሲያጠብቁ፣ አፍንጫው ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየቀና ሲመጣ ቆሜ አየሁ። የትኛው ዘንግ ውሃ እንደሚያስገባ፣ የትኛው እንደሚሰበር በጣታቸው ጨበጥ አድርገው ነው የሚለዩት፤ አላዩትም ማለት ይቻላል። ሰዉ ፎቶ ያነሣል። አስተዋዋቂው በማይክራፎኑ “የጣና ጌጥ” ይላል። ማታ ላይ ተሳታፊዎቹ ሁሉ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ሽማግሌው የእርሳቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡና “ልጄ፣ ስሜ አለበት?” አሉኝ። ወረቀቱ “ለታንኳ ቡድን” ይላል። “የለበትም፣ አባቴ” አልኋቸው። ስለ ደንገሉ ዋጋ ጠይቀው እንደ ነበርና “ይህ ተሳትፎ ነው” እንደ ተባሉ የነገሩኝ ኋላ ነው። ታንኳው እዚያው አስፋልቱ ላይ አደረ፤ ጠዋት የት እንደ ደረሰ አላውቅም።

የጽሑፉ ባለቤት “እነዚህ ማኅበረሰቦች በየበዓሉ ይጋበዛሉ፤ ከዚህ በላይ ምን ይደረግላቸው?” ይላሉ። እንግዲህ ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው። እኚህ አባት ተጋብዘዋል። ባዛሩ መቼ ይሁን፣ ታንኳው ውሃ ላይ ይታይ ወይስ አስፋልት ላይ፣ ዋጋው ስንት ይሁን ሲባል ግን በቦታው አልነበሩም። ቢኖሩ ኖሮ ታንኳ አስፋልት ላይ አይሠራም ባሉ ነበር። ታንኳ ከየጉዞው በኋላ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ካላገኘ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ደንገሉም በእርሻው መስፋፋትና በእምቦጩ ምክንያት ከሐይቁ ዳር እየራቀ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ከምክር ቤቱ ወንበር ላይ ቢቀመጥ የመጀመሪያው ጥያቄው የትርኢት መድረክ አይሆንም፤ ደንገል የሚበቅልበት ዳርቻ እንዲከለልና ሥራውን የሚለምዱ ወጣቶች የቀን አበል እንዲያገኙ ነው። ሁለቱም ለአንድ ቀን ድንኳንና ባነር ከሚወጣው ገንዘብ የሚበልጡ አይመስለኝም።

“ኮታ” የሚለው ፍርሃትም በዚሁ መንገድ ይፈታል። ጥሩ ታንኳን ከመጥፎው የሚለየው ታንኳ ሠሪ ነው፤ የሸማን ጥለት ሸማኔ፣ የዋሽንትን ቅኝት ዋሽንት ነፊ ይመዝናል። ታዲያ ከእያንዳንዱ ሙያ ዳኛ ማስቀመጥ ምዘናውን ያጠብቀዋል እንጂ አያላላውም። ችሎታ የሚጎዳው ቢሮ ውስጥ በሥራው ሳይሆን በማመልከቻ አጻጻፍ ሲለካ ነው፤ ዛሬ እየሆነ ያለውም ይኸው ነው። አማርኛ አሳምሮ የሚጽፍ ያገኛል፤ እጁ የሚናገር፣ አፉ የማይናገር ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄ በቃልም ይቅረብ፤ ጸሐፊው ይጻፍለት። ከአዊ ለመጣ ሰው በአገውኛ ይደመጥ፤ ቋንቋው በዞኑ ትምህርት ቤቶች ልጆች የሚማሩበት ሆኖ ሳለ፣ በእኛ ከተማ መድረክ ግን የምሰማው አንድ የአገውኛ ዘፈን ለማሟሟቂያ ሲያስፈልግ ብቻ ነው። መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይኑር። ስብሰባው ደረጃ ብቻ ባለው አዳራሽ ፎቅ ላይ አይሁን። ከዚህ ውስጥ የትኛው ነው ጥበብን የሚያረክሰው?

የጽሑፉ ባለቤት በመጨረሻ “ይህን ሁሉ ማን ይጠብቃል?” ብለው ጠይቀዋል። እርሳቸውን የመሰለ ተጠራጣሪ ቢጠብቀው እወዳለሁ። የመጀመሪያው ስብሰባ ሐይቁ ዳር፣ በገበያ ቀን፣ ታንኳ ሠሪውም አዝማሪውም በሚገኙበት ሰዓት እንዲጠራ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ ቢመጡ አራተኛውን ነጥባቸውን እዚያው ያንሡት፤ በቃለ ጉባኤም ይያዝ።